የተቆጠረው ነገር ለቆጠረው ሰው ይታይ

ሰው ጠላቱን የሚያሸንፈው ጉልበት ስላለው ብቻ አይደለም፤ ጠላቱ በየት በኩል እንደሚመጣ፣ ብዛቱም ምን ያህል እንደ ሆነ አስቀድሞ ሲያውቅ ነው። ስለዚህም አባቶቻችን ወደ ጦር ሜዳ ከመውረዳቸው በፊት ሰላይ ይልኩ ነበር። ዛሬ በእርሻችንና በውኃችን ላይ የተነሣው ጠላት ግን ጦርና ጋሻ አይዝም፤ ነጋሪትም አያስመታም። በነፋስና በውኃ፣ በእህልና በዕቃ ተሸሽጎ ከሩቅ አገር የመጣ አረምና ተባይ ነው። ይህንን ጠላት የሚሰልሉት ደግሞ ደመወዝ የማይቆረጥላቸው፣ በገዛ ፈቃዳቸው ከማሳ ማሳ እየዞሩ የሚቆጥሩ ገበሬዎች፣ ዓሣ አጥማጆችና ወጣቶች ናቸው። እነዚህ ሰዎች የሚቆጥሩት ቁጥር ወዴት እንደሚደርስና ለማን እንደሚታይ ዛሬ ጥቂት ለመናገር አስበናል።

ከእነዚህ ጠላቶች አንዱ እምቦጭ የሚባለው የውኃ አረም ነው። የትውልድ አገሩ በደቡብ አሜሪካ የአማዞን ወንዝ አካባቢ ሲሆን፣ አበባው ለዓይን ደስ የሚያሰኝ ስለ ሆነ ሰዎች ለኩሬ ጌጥ እንዲሆን ከአገር ወደ አገር አዛወሩት። በአገራችንም አስቀድሞ በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ታየ። በጣና ሐይቅ ላይ መታየቱ የታወቀው ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ነው። ሙቀትና ምግብ ባገኘ ጊዜ ሁለት ሳምንት በሚያህል ጊዜ ውስጥ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ብዙ ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ባለው በዚህ ሐይቅ ላይ ዛሬ የጸዳው ዳርቻ ሁሉ ነገ እንደ ጸዳ ይኖራል ማለት አይቻልም። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ በአንድነት ወጥቶ አረሙን በእጁ ሲነቅል የታየው ይህ ጭንቅ ስለ ተሰማው ነው።

አረሙ እጅግ የበረታው በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ፣ ይኸውም በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ስለ ሆነ፣ የጎጃም ሰው «ይህ የማዶው ጉዳይ ነው» ይል ይሆናል። ነገር ግን ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች ሁሉ ትልቁ ከሰከላ ተራራ የሚወርደው ግልገል ዓባይ ነው። ከጎጃም ደጋ የሚታጠበው አፈር፣ ከአፈሩም ጋራ የሚሄደው ማዳበሪያ ሐይቁን ይመግበዋል፤ ሐይቁን የመገበም አረሙን መገበ። ስለዚህ በደጋ ያለው ገበሬና በዳርቻ ያለው ዓሣ አጥማጅ ሳይተዋወቁ በአንድ ገበታ የተቀመጡ ናቸው።

ሁለተኛው ጠላት በደጋው ሰው ደጃፍ ላይ የቆመ ነው። የአሜሪካ ተምች የተባለው ይህ ተባይ በምዕራብ አፍሪካ የታየው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ሲሆን፣ በሚከተለው ዓመት መጀመሪያ ላይ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ገባ፤ በዚያው ዓመት ክረምትም በቆሎ በሚዘራበት አገር ሁሉ ተበተነ። የእሳት ራቷ በነፋስ ታግዛ በአንድ ሌሊት እስከ መቶ ኪሎ ሜትር ልትበር ትችላለች፤ በዕድሜዋም ከሺህ የሚበልጥ እንቁላል ትጥላለች። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ጤፍና ስንዴ ቢበዛም፣ ወደ ቡሬ፣ ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ መራዊ ለሚወርድ ሰው በቆሎ የቤት ሁሉ ምሰሶ መሆኑ ግልጽ ነው። በዚያ አገር ተምቹ አንድ ሳምንት ቀድሞ መታወቁና አንድ ሳምንት ዘግይቶ መታወቁ የጎተራ ሙላትና የጎተራ ባዶነት ልዩነት ነው። ትሉ ገና ትንሽ ሳለ በእጅ ለቅሞም ሆነ በመድኃኒት ማጥፋት ይቻላል፤ ወደ በቆሎው እምብርት ከገባ በኋላ ግን መድኃኒቱም አይደርስበትም።

እንግዲህ ሰላዩ እንዴት እንደሚሰልል እንመልከት። ገበሬው በማሳው ውስጥ እንደ ንጉሡ «ሠ» ቅርጽ እየተመላለሰ በአምስት ስፍራ ይቆማል፤ በየስፍራውም 10 የበቆሎ ተክል ይመረምራል። ከ50ው ተክል በስንቱ ላይ ትል ወይም አዲስ ጉዳት እንዳገኘ ይጽፋል። ትሉንም ከአገሩ አገዳ ቆርቁር ለመለየት በግንባሩ ላይ የተገለበጠ ባላ የሚመስል ነጣ ያለ መሥመር፣ በጅራቱም አጠገብ በአራት ማዕዘን የተደረደሩ አራት ነጥቦች መኖራቸውን ያያል። በሌላ በኩል ወንዱን የእሳት ራት በሽታ የሚስብ ወጥመድ በመንደሩ ይሰቀላል፤ በየሳምንቱም የተያዘው ተቆጥሮ ይጻፋል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ይህ ቁጥር በእጅ ስልክ የሚላክበትን መተግበሪያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. አውጥቷል። ሥራው ከባድ ጥበብ የሚጠይቅ አይደለም፤ ትጋትንና እውነትን የሚጠይቅ ነው።

ጉድለቱ ከዚህ በኋላ ነው። ቁጥሩ ከማሳ ወደ ቀበሌ፣ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳም ወደ ዞንና ወደ ክልል ይወጣል። ሲወጣ ይታያል፤ ሲመለስ ግን አይታይም። ገበሬው «ባለፈው ሳምንት የቆጠርሁት የት ደረሰ? የጎረቤቴስ ከእኔ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ነገሩ እየከፋ ነው ወይስ እየተሻለ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የሚያገኘው መልስ ሌላ ባዶ ቅጽ ነው። ፍሬውን የማያይ አትክልተኛ ውኃ ማጠጣቱን እንደሚተው፣ የቆጠራውን ፍሬ የማያይ ቆጣሪም መጀመሪያ ይሰለቻል፤ ቀጥሎም ማሳውን ሳያይ ይጽፋል፤ በመጨረሻም ይተዋል። እንዲህ ያለው ሰው ሰነፍ ነው ብለን ልንፈርድበት አይገባም፤ ያሰነፍነው እኛ ነንና።

መድኃኒቱ ቁጥሩን በሥዕል አድርጎ ለቆጠረው ሰው መመለስ ነው። ይህን ስንል አዲስ ነገር ከባዕድ አገር የምናመጣ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ ወደ ገዛ ቤቱ ይመልከት። ፊደል ያልቆጠረው ሕዝባችን የመጽሐፍን ታሪክ የተማረው በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ከተሣለው ሥዕል አይደለምን? የባሕረ ሐሳብ መምህራንስ አበቅቴውንና መጥቅዑን፣ ጾሙንና በዓሉን በሠንጠረዥና በክበብ ሥለው በብራና ላይ ያኖሩት፣ የ532 ዓመት ቀመር በአንድ ገጽ ላይ በዓይን እንዲታይ አይደለምን? አንድ ደቀ መዝሙር ያንን ክበብ ባየ ጊዜ በቃል ብቻ ቢነገረው ወር የሚፈጅበትን ነገር በአንድ ቀን ይጨብጠዋል። ቁጥርን በሥዕል መግለጽ ለኢትዮጵያ ሊቃውንት እንግዳ አይደለም፤ እንግዳ የሆነው ይህን ጥበብ ለእርሻና ለውኃ ጥበቃ አለማዋላችን ነው።

ከውጭ አገርም አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1854 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ በአንድ ሰፈር ኮሌራ ገብቶ ከ600 የሚበልጥ ሰው ገደለ። በዚያ ዘመን ሐኪሞች በሽታው ከክፉ አየር ይመጣል ይሉ ነበር። ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም ግን ከውኃ እንደሚመጣ ያምን ነበርና የሟቾቹን ቤት አንድ በአንድ መርምሮ በሰፈሩ ካርታ ላይ በትንንሽ ጥቁር መሥመር አመለከተ። መሥመሮቹም በብሮድ ጎዳና በሚገኝ በአንድ የውኃ ቧንቧ ዙሪያ ተከማችተው ታዩ። ይልቁንም ለካህናት አንባቢዎቻችን ልናስታውስ የምንወደው ነገር አለ። ሄንሪ ኋይትኸድ የተባለ የዚያ ሰፈር ቄስ አስቀድሞ የሐኪሙን አሳብ አልተቀበለም ነበር፤ ነገር ግን ምእመናኑን በየቤታቸው ስለሚያውቃቸው ከቤት ወደ ቤት ዞሮ ሲመረምር የሐኪሙ ነገር እውነት ሆኖ አገኘው፤ በሽታው የጀመረበትንም ቤት እርሱ ደረሰበት። ሐኪሙ ካርታውን ሣለ፤ ቄሱ ሰዎቹን ያውቅ ነበር፤ ሁለቱ በአንድነት እውነቱን አገኙት።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስና ሥዕሉ ምን እንደሚመስል እንናገር። በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ወይም በገበሬዎች ማሠልጠኛ ጣቢያ ግድግዳ ላይ አንድ ሰፊ ወረቀት ይሰቀል። በወረቀቱ ላይ የቀበሌው ካርታ ይሣል፤ ምልክቱም ባለሙያ ብቻ የሚያውቀው የመሥመር ቁጥር ሳይሆን ወንዙ፣ መሻገሪያው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ገበያው ይሁን። በካርታው ግርጌ ከሰኔ እስከ መስከረም ያሉት ሳምንቶች በተርታ ይጻፉና በየሳምንቱ በወጥመዱ የተያዘው ብዛት በዘንግ ቁመት ይመልከት። ዘንጉ በሦስተኛው ሳምንት ድንገት ከረዘመ፣ በቀጥታ «ነገ ማሳህን እይ» ብሎ የሚናገር ነውና ማንበብ ለማይችለውም ሰው አዋጅ ይሆነዋል። ከዘንጉ አጠገብም የእርሻ ባለሙያው «ቁመቱ ከዚህ ካለፈ ይህ ይደረግ» የሚል አንድ መሥመር ያስምር። ምን እንደሚደረግ የማይነግር ሥዕል ጌጥ ነው እንጂ ምክር አይደለም።

ቁጥሩም ከምን ያህል እንደ ተገኘ ሳይገለጽ እንዳይሣል መጠንቀቅ ያሻል። አንድ መንደር «12 የተጠቃ ተክል አገኘሁ»፣ ሌላውም «12 አገኘሁ» ቢል ሁለቱ እኩል ይመስላሉ። ነገር ግን የፊተኛው 50 ተክል መርምሮ፣ የኋለኛው 200 መርምሮ ከሆነ፣ የአንዱ ጉዳት ከመቶ 24፣ የሌላው ግን ከመቶ 6 ነው። አካፋዩ የተረሳበት ሥዕል ጤነኛውን ማሳ እንደ ታመመ፣ የታመመውንም እንደ ጤነኛ ያሳያል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን ስለ ባዶው ስፍራ ነው። በካርታ ላይ ምልክት የሌለበት ስፍራ ሁለት ትርጓሜ አለው። አንዱ «ሰው ሄዶ አይቶ ምንም አላገኘም» ማለት ነው፤ ሁለተኛው «ማንም አልሄደም» ማለት ነው። እነዚህ ሁለቱ እንደ ቀንና ሌሊት የተለያዩ ሲሆኑ በብዙ ካርታ ላይ አንድ ዓይነት ነጭ ሆነው ይታያሉ። ከዚህም የተነሣ በጎ ፈቃደኞች የሚበዙበት በመኪና መንገድ ዳር ያለው ቀበሌ አረም የሞላበት፣ ማንም የማይደርስበት ቆላ ግን የጸዳ መስሎ ይታያል። እንዲህ ያለው ካርታ አረሙ የሚኖርበትን አያሳይም፤ ቆጣሪዎቹ የሚኖሩበትን ያሳያል። ስለዚህ ሦስት ምልክት ያስፈልጋል፤ ታይቶ ለተገኘበት ጥቁር ነጥብ፣ ታይቶ ላልተገኘበት ውስጡ ባዶ የሆነ ክበብ፣ ላልታየው ደግሞ ምንም። «አላገኘሁም» ብሎ የሚጽፍም ሰው «አገኘሁ» ከሚለው ያላነሰ ምስጋና ይገባዋል።

ይህን ጥበብ በአህጉራችን የሠሩበት አሉ። በደቡብ አፍሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች አገሩን በአራት ማዕዘን ክፍሎች ከፍለው ያዩትን ወፍ ሁሉ በዝርዝር ይጽፉ ጀመር። ካርታውን ሲሥሉ ወፉ ስንት ጊዜ እንደ ታየ ብቻ አልቆጠሩም፤ በዚያ ክፍል ከተጻፉት ዝርዝሮች ሁሉ በስንቱ ውስጥ እንደሚገኝ አሰሉ እንጂ። ስለዚህ ብዙ ሰው የሄደበትና ጥቂት ሰው የሄደበት ስፍራ በአንድ ሚዛን ሊመዘኑ ቻሉ።

በጣና ላይ የሆነውም ነገር ይህንኑ ያስተምረናል። እምቦጭ የያዘው ስፋት ይህን ያህል ሄክታር ነው እየተባለ በየዓመቱ የተነገረው ቁጥር ከተናጋሪ ወደ ተናጋሪ ብዙ እጥፍ ሲለያይ ሰምተናል። አንዱ በአረም የተሸፈነውን ውኃ ብቻ ቢለካ፣ ሌላው አረም የታየበትን ዳርቻ ሁሉ ቢለካ፣ አንዱ ክረምት ሲወጣ፣ ሌላው በበጋ ቢለካ፣ ቁጥሩ አንድ ሊሆን አይችልም። አረሙ በነፋስ እየተገፋ ዛሬ ከአንዱ ዳርቻ ነገ ከሌላው ይገኛልና። በቁጥር ብቻ የተነጋገሩ ሰዎች ይከራከራሉ፤ ወሩና ስፍራው የተጻፈበትን ካርታ በመካከላቸው ዘርግተው የተነጋገሩ ግን ይግባባሉ። ከሰማይ የሚያነሣው ሳተላይትም ቢሆን በደመና ወራት ማየት ይሳነዋል፤ በሸንበቆ መካከል የተደበቀችውንም አንዲት እምቦጭ አይለያትም። እርስዋን የሚያያት በታንኳ የሚያልፈው ሰው ነው።

አሁን ደግሞ ለሹማምንት ወንድሞቻችን አንድ የማይጣፍጥ ነገር እንናገራለን። ጥቁር ነጥብ የበዛበት ወረዳ ሹም «ወረዳህ ለምን እንዲህ ሆነ?» ተብሎ ሲወቀስ፣ ነጥብ የሌለበት ደግሞ ሲመሰገን አይተናል። ከዚህ በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነው፤ በሚከተለው ክረምት ሁሉም ወረዳ ንጹሕ ይሆናል፤ በወረቀት ላይ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ በወቀሳ ፍርሃት የነጣ ካርታ ማሳውን አያነጣውም። ቆጠራ በተጀመረበት ዓመት ነጥቡ ቢበዛ ጠላቱ ስለ በዛ ብቻ አይደለም፤ ዓይን ስለ በዛም ነው። ስለዚህ ሹም ሊጠየቅ የሚገባው «ስንት ተገኘብህ?» ተብሎ ሳይሆን «ስንት ስፍራ አየህ? ከታየ በኋላስ በስንት ቀን ደረስህ?» ተብሎ ነው። እንዲሁም በአደባባይ በሚሰቀለው ካርታ ላይ የጎጡ ስም እንጂ የባለማሳው ስም አይጻፍ። ስሙ ለወቀሳ የተሰቀለበት ሰው ሁለተኛ ማሳውን አያስቆጥርምና።

«ዘመኑ የስልክ ሆኖ ሳለ የምን ወረቀት ነው?» የሚል ቢኖር፣ ስልኩን አንነቅፍም፤ ቁጥሩን በቅጽበት ወደ ሩቅ የሚያደርስ ብርቱ መልእክተኛ ነው። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በደረሰው ግጭት ምክንያት የኢንተርኔት መሥመር ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ፣ ባለሙያም ወደ ብዙ ቀበሌ ለመድረስ እንደ ተቸገረ ሁላችን እናውቃለን። ተምቹ ግን መንገድ ተዘጋ ብሎ አልቆመም። ባለሙያ በማይደርስበት ጊዜ የሚቀረው ዓይን የዚያው የአገሩ ሰው ዓይን ብቻ ነው፤ ለዚያ ሰው ደግሞ በግድግዳ የተሰቀለ ወረቀትና አንድ ከሰል ከተዘጋ ስልክ ይልቅ ይጠቅመዋል። መንገዱ ሲከፈትም የተጠራቀመው ወረቀት የጠፋውን ጊዜ ታሪክ ይናገራል።

በዚህ ነገር ካህናት ትልቅ ድርሻ አላቸው። ቀበሌ ያለ ቤተ ክርስቲያን አይገኝም፤ ሕዝቡም በሰንበትና በወርኃዊው በዓል ሳይጠራ ይሰበሰባል። ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ምክር ሲሰጥ «በዚህ ሳምንት የወንዙ ማዶ ዘንግ ረዝሟል፤ ማሳችሁን እዩ» የሚል አንድ ቃል ቢጨመር ስብከቱን አያረክሰውም። ሐረግ መጣልና ሥዕል መሣል የሚያውቅ ዲያቆን ካርታውን ለመሣል ከማንም አያንስም። በጣና ደሴቶችና በዘጌ ገዳማት የሚኖሩ አባቶችም ውኃውን ሌሊትና ቀን የሚያዩ ናቸው፤ በየወሩ አንድ ጊዜ «አየን፣ አላገኘንም» ብለው የሚልኩት ቃል በጎጃም በኩል ላለው ዳርቻ ከብዙ ጉባኤ ይበልጣል። ምድሪቱን ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ ለሰው መሰጠቷን የሚያስተምር ሰው፣ የመጠበቁን ሥራ የሌላ ሰው ሥራ አድርጎ ሊቆጥረው አይችልም።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ወረቀት፣ ቀለም፣ በየሳምንቱም በገበያ ቀን ካርታውን የሚያድስ አንድ የተመረጠ ሰው። ወረዳውም ከቀበሌዎቹ የመጣለትን ሰብስቦ የወረዳውን ካርታ በየወሩ ወደ ቀበሌዎቹ መልሶ ይላክ። በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ወጣቶቻቸውን ልከው ይህን አሣሣል ቢያስተምሩ ለተማሪውም ለገበሬውም ትምህርት ይሆናል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባል፣ እምቦጭንና ተምችን መጠበቅ ለአንድ መሥሪያ ቤት የማይቻል ሸክም ነው፤ ለሕዝብ ግን የሚቻል ነው። ሕዝቡም ዓይኑን አልነፈገንም። እኛ የነፈግነው ያየውን መልሶ ማሳየት ነው። የሚመጣው ክረምት ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ የወረዳ ሹም ወደ አንድ ቀበሌ ወርዶ፣ ባለፈው ዓመት የተቆጠረውን ቁጥር ከመዝገብ አውጥቶ፣ በአንድ ወረቀት ላይ አስሥሎ፣ ለቆጠሩት ሰዎች ቢያሳያቸውና «እናንተ ያያችሁት ይህ ነው» ቢላቸው፣ ከዚያ በኋላ ለመቁጠር የሚለምነው ሰው አይኖርም ብለን እናምናለን።